ጅብ በማያውቁት አገር

ገንዘብ ያዥ ስንቀጥር ዋስ እንጠይቃለን። የዕቃ ግምጃ ቤት የሚረከብ ሰው ያለ ተያዥ ቁልፍ አይሰጠውም። ዋሱም ዝም ብሎ ከመንገድ የተጠራ ሰው አይደለም። ደመወዙን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣል፤ ፎቶግራፉን ያያይዛል፤ ይፈርማል። የቤት ሠራተኛ የሚያመጣልንን ደላላ ሳይቀር «ተያዥ አላት ወይ?» ብለን እናፋጥጠዋለን። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለብርና ለብርድ ልብስ ነው።

አሁን ደግሞ ሃምሳ ሕፃናት ይዞ የክፍሉን በር የሚዘጋውን ሰው እንዴት እንደምንቀጥር እናስብ። ዲግሪው ይታያል። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ይታያል። ምናልባት አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምር ተብሎ እንግሊዝኛው ይፈተናል። «ይህ ሰው ከእናንተ ዘንድ ለምን ለቀቀ? ልጆቻችሁን ዳግመኛ ታምኑበታላችሁ ወይ?» ብሎ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ስልክ የሚመታ ዳይሬክተር ግን ስንት ነው? ስለ መምህሩ ያልኩት ለዘበኛውም፣ ለሾፌሩም፣ ለጽዳት ሠራተኛውም ይሠራል። እነሱማ ጭራሹን ዲግሪም አይጠየቁ!

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላል ተረታችን። ተረቱን ሁላችንም በጅቡ ድፍረት ስቀን እናልፈዋለን። ልብ ብለን ብናየው ግን ዋናው ነገር ያለው አገሮቹ ላይ ነው። ጅቡን የሚያውቀው አገር አንድ ነው፤ ቁርበት የሚያነጥፍለት አገር ሌላ ነው። የሁለቱ አገር ሰዎች ተገናኝተው አላወሩም። ጅቡ የሚኖረው በዚያ ባልተወራው ወሬ ውስጥ ነው።

ይህን ነገር በደንብ መርምራ፣ ጉድለቷን ገጽ በገጽ ጽፋ ያስቀመጠች አንዲት አገር አለች። እንግሊዝ ናት። እንግሊዞች ልጆቻቸውን ከሁሉ አስበልጠው ስለጠበቁ አይደለም የማነሣቸው፤ ባልጠበቁ ጊዜ መርማሪ ሰይመው፣ ምስክር ጠርተው፣ የተገኘውን ለሕዝብ ስላሳተሙ ነው። የሌላውን ስብራት አይቶ መማር ደግሞ ከራስ ስብራት ይረክሳል። (እንግሊዝንና ሌሎች የውጭ አገሮችን በሚመለከት የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዞች በትምህርት ቤት እንዳይሠሩ የታገዱ ሰዎችን ስም ማኅደር መያዝ የጀመሩት በ1926 ነው። ይህ መዝገብ ኋላ ላይ «ሊስት 99» በሚል መጠሪያ ታወቀ። ሐሳቡ ቀላልና ጥሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከመቅጠሩ በፊት መዝገቡን ይጠይቃል፤ ስሙ ካለ አይቀጥርም። ችግሩ መዝገቡ የሚያውቀው የተፈረደባቸውንና የታገዱትን ብቻ መሆኑ ነበር። ተጠርጥሮ ያልተከሰሰው፣ ተከስሶ ማስረጃ ያነሰበት፣ ወሬ ሲበዛበት ሥራውን በፈቃዱ ለቅቆ የሄደው በመዝገቡ የለም። መዝገቡ የተያዙትን ጅቦች ቆጠረ እንጂ ዱካ አልተከተለም።

ስድሳ አምስት ዓመት አለፈ። በ1991 በሌስተርሻየር ወላጅ የሌላቸውና ችግር ያለባቸው ልጆች የሚያድጉባቸውን ቤቶች ለዓመታት ሲመራ የነበረ ፍራንክ ቤክ የተባለ ሰው በሥሩ የነበሩትን ልጆች በመድፈር ወንጀል አምስት ጊዜ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ሰውየው በአካባቢው የተከበረ ነበር፤ የወረዳ ምክር ቤት አባል እስከመሆን ደርሷል። መንግሥት ኖርማን ዋርነር በሚባሉ ሰው የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውም በ1992 «በጥንቃቄ መምረጥ» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የያዘ ሪፖርት አወጣ። ምክሩ የተራቀቀ አልነበረም። የአመልካቹን የሥራ ታሪክ መርምሩ፤ በመካከል ክፍተት ካለ የት ነበርክ በሉት፤ የቀድሞ አሠሪውን ራሳችሁ ጠይቁ፤ በቃለ መጠይቁ ለልጆች ያለውን አመለካከት ፈትሹ። አንዲት አስተዋይ እናት ሞግዚት ስትቀጥር የምታደርገው ነው።

ምክሩ የተጻፈው ግን ለሕፃናት ማሳደጊያዎች ነበር። ትምህርት ቤቶች «እኛን አይመለከትም» ብለው አለፉት ማለት ይቻላል። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ከአሥር ዓመት በኋላ መጣ።

ነሐሴ 4 ቀን 2002 እሑድ ማታ፣ በካምብሪጅሻየር ሶሃም በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሆሊ ዌልስና ጄሲካ ቻፕማን የተባሉ የአሥር ዓመት ልጃገረዶች ከቤት ወጥተው ቀሩ። አገሩ ሁሉ ፍለጋ ወጣ። አስከሬናቸው የተገኘው ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ ነው። ገዳዩ ኢያን ሃንትሊ ነበር፤ የከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃና ግቢ ጠባቂ፣ እኛ አገር ዘበኛም ጥገናም የምንለው ዓይነት ሠራተኛ። አብራው የምትኖረው ሴት ደግሞ በልጆቹ ትምህርት ቤት ረዳት ሆና ሠርታለች፤ ልጆቹ ይወዷት ነበር። በዚያ ማታ ወደ ሰውየው ቤት የመራቸው ይኸው መውደድ ነው። ሰውየው የእነሱ ትምህርት ቤት ሠራተኛ እንኳ አልነበረም። «የትምህርት ቤት ሰው» የሚለው ስም ግን በቂ መታመኛ ነው። አንድ ልጅ አንዱን የትምህርት ቤት ሰው ካመነ ሁሉንም ያምናል። እኛ ነን እመን ያልነው።

በታኅሣሥ 2003 ሃንትሊ ሲፈረድበት ሌላ ጉድ ወጣ። ሰውየው ለፖሊስ እንግዳ አልነበረም። ከ1995 እስከ 1999 በነበሩት ዓመታት፣ ቀድሞ በሚኖርበት በሃምበርሳይድ፣ ከስምንት የተለያዩ የወሲብ ወንጀል ጥርጣሬዎች ጋር በተያያዘ ስሙ ፖሊስ ዘንድ ደርሷል። ከዕድሜ በታች ከሆኑ ልጃገረዶች ጋር፣ አስገድዶ መድፈር፣ በአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ላይ ጥቃት... ስምንት! አንዱም ግን ፍርድ አላገኘም። አንዷ ክሷን ተወች፤ በሌላው ማስረጃ አነሰ። እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ተከፈተ፣ ለብቻው ተዘጋ። አንዱን የያዘው መርማሪ የሌላውን አላየም። ስምንቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ እኮ አንድ ሰው ነው!» ያለ አልነበረም።

መንግሥት ቀደም ሲል በትምህርት ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ የነበሩትን ሰር ማይክል ቢቻርድን አጣሪ አድርጎ ሾመ። ቢቻርድ በሰኔ 2004 ያወጡት ሪፖርት ከወንጀል ልብወለድ ይልቅ የሚያስፈራ ነው፤ ምክንያቱም በውስጡ ያሉት ሰዎች ሁሉ ተራ ናቸው። የካምብሪጅሻየር ፖሊስ ሰውየውን ያጣራው «ኒክሰን» በሚል ስም ብቻ ነው። ኒክሰን የእናቱ የቤተሰብ ስም ነው፤ ሰውየው ቀድሞ ሃንትሊ እባል ነበር ብሎ በቅጹ ላይ ሞልቷል። አልዋሸም። የጻፈውን ያነበበ ሰው ነው የጠፋው። በሃምበርሳይድም መረጃው በሥርዓት አልተያዘም፤ ምን ይቀመጥ ምን ይሰረዝ የሚለውም የተምታታ ነበር። ፖሊሶቹ ኋላ «የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉ አስገድዶን ነው» አሉ፤ አጣሪው ግን ጥፋቱን ሕጉ ላይ ሳይሆን የገዛ አሠራራቸው ላይ አገኙት።

ትምህርት ቤቱስ? የሥራ ታሪኩን አልመረመረም። የተቀበላቸው የምስክርነት ደብዳቤዎችም ለማንም የማይጻፉ፣ ለሁሉም የሚሆኑ ነበሩ። እዚህ ላይ ያገሬ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የሚጀምረውን ደብዳቤ እኛ ብቻ የፈጠርነው መስሎን ነበር።

ቢቻርድ አንድ ነገር አስረግጠው ጽፈዋል። የግድያው ተጠያቂ ገዳዩ ብቻ ነው። ፖሊስና ትምህርት ቤቱ ሥራቸውን በትክክል ቢሠሩ ኖሮ ልጆቹ ይተርፉ ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ግን ይህ ለኃላፊዎች መጽናኛ አይሆንም፤ የማይቻለው መማል ነው እንጂ መጠየቅ አይደለም።

ሪፖርቱ 31 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት። ትልልቆቹ ጋዜጣ ላይ ወጡ፤ የፖሊስ መረጃ በአገር አቀፍ ደረጃ ይያያዝ፣ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሁሉ ይመዝገብ የሚሉት። እኔን የሳበችኝ ግን አንዲት ትንሽ ናት። የትምህርት ቤት ሠራተኛ የሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ስለ ጥንቃቄ ቅጥር የሠለጠነ ይሁን ትላለች። ይኸው ነው። ኮምፒዩተር አትጠይቅም፤ በጀትም ብዙ አትፈልግ። አንድ ወንበር ላይ የሚጠይቅ ሰው ይቀመጥ ነው የምትለው። ትምህርት ቤቶች እንዲከተሉት የወጣው የቅጥር መመሪያም ከ2007 መጀመሪያ ጀምሮ ተግባር ላይ ዋለ። ማመልከቻው በትምህርት ቤቱ የራሱ ቅጽ ይሞላል፤ የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ክፍተት ያለበት ዓመት ይጠየቃል። ምስክርነት ከአመልካቹ እጅ አይወሰድም፤ ከቀድሞ አሠሪው በቀጥታ ይጠየቃል። ከዚህ በኋላ ነው የፖሊስ ማጣሪያው የሚጨመረው።

እንግዲህ እንግሊዞች ተደናግጠው ነበርና መደናገጥ ደግሞ የራሱ ጦስ አለው። በጥር 2006 በኖርዊች አንድ የወሲብ ወንጀለኛ ተብሎ በፖሊስ የተመዘገበ ሰው በሚኒስቴሩ ፈቃድ ትምህርት ቤት መቀጠሩ ታወቀና የትምህርት ሚኒስትሯ ሩት ኬሊ ወንበራቸው ተነቃነቀ። ማን ይታገድ የሚለውን ውሳኔ ከፖለቲከኛ እጅ ለማውጣት ተወሰነ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ከልጆችና ከአቅመ ደካሞች ጋር የሚሠራውን ሁሉ ለመመዝገብ አቀደ፤ ቁጥሩ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሚሊዮን ሰው ተገመተ። በ2009 የበጋ ወራት የታወቀው የልጆች ደራሲ ፊሊፕ ፑልማን ተቆጣ። መጽሐፌን ለተማሪዎች ለማንበብ ስሄድ 64 ፓውንድ ከፍዬ ንጹሕ መሆኔን ላስመስክር እንዴ? ብሎ ትምህርት ቤት መሄዱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ሌሎች ደራሲያንም ተከተሉት። አዲስ የመጣው መንግሥት በ2010 ምዝገባውን አስቆመ፤ በ2012 ሕጉ ተቀንሶ ተሻሻለ፤ የወንጀል ማጣሪያውና የእገዳ መዝገቡም በታኅሣሥ ወር በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ተጠቃለሉ።

የፑልማንን ቁጣ እረዳለሁ። ሁሉን የሚጠረጥር ኅብረተሰብ ማንንም አይጠብቅም። በሺህ የሚቆጠር ሰው ወረቀት ሲያሰልፍ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ሰውየውን ማየት ይረሳል። ይህንንም ያሳየው ሌላ የዚያው አገር ታሪክ ነው።

ዌስተን ሱፐር ሜር በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነበር። ከ1996 ጀምሮ አስተምሯል። የወንጀል መዝገቡ ንጹሕ ነው። ሺህ ጊዜ ቢጣራ ሺህ ጊዜ ያልፋል። በታኅሣሥ 2010 አንዲት ተማሪ ለእናቷ ተናገረችና ተያዘ። በቀጣዩ ዓመት በትንንሽ ተማሪዎቹ ላይ በፈጸማቸው በርካታ ወንጀሎች ጊዜው ያልተወሰነ እስራት ተፈረደበት። በጥር 2012 የወጣው የአካባቢው የምርመራ ሪፖርት የመምህራን ክፍሉን ነው የመረመረው። ባልደረቦቹ ያዩዋቸው፣ ለአንድ መምህር የማይገቡ ሠላሳ ሁኔታዎች ነበሩ። የሚያበላልጣቸው ተማሪዎች ነበሩት፤ ስጦታ ይሰጣቸዋል። ያስጠጋቸዋል። አወራሩ ቅጥ አልነበረውም። ከሠላሳው ውስጥ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር የደረሱት አሥራ አንዱ ብቻ ናቸው። የደረሱትም ቢሆኑ የትም አልደረሱም።

ሠላሳ ለአሥራ አንድ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከሊስት 99 ሙሉ መዝገብ የበለጠ ያስተምራሉ። በዚያ ትምህርት ቤት የጎደለው የፖሊስ ፋይል አልነበረም። አንዷ መምህርት ያየችውን ሌላው አላወቀም፤ ሁሉም «ምናልባት የእኔ ክፉ ሐሳብ ይሆናል» ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ወደ ክፍሉ ገባ። የሃምበርሳይድ ፖሊስ በስምንት ፋይሎች ያደረገውን መምህራኑ በሠላሳ ትዝብቶች ደገሙት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት የምናውቀው እኛ ብንሆንም፣ ድሩ ሳያብር ሲቀር ምን እንደሚሆን በወረቀት ያስቀመጡት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ የጥበቃው ሁለተኛ እግር ከቅጥር በኋላ ነው። በአንድ ሠራተኛ ላይ ጥርጣሬ ወይም ክስ ሲነሣ ወሬው በየት በኩል ይሂድ? እንግሊዞች ከ2006 ጀምሮ በየአካባቢው አስተዳደር ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚጠየቅ አንድ ኃላፊ መደቡ። አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ርዕሰ መምህሩ ክሱ ሲደርሰው ራሱ መርማሪ አይሆንም። ልጁን ደጋግሞ አያፋጥጥም፤ ተከሳሹንም ጠርቶ «እውነት ነው እንዴ?» አይለውም። በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ለዚያ ኃላፊ ያሳውቃል። ከዚያ ሦስት ነገር ይታያል፤ ወንጀል ካለ ፖሊስ፣ ልጁ ጥበቃ ካስፈለገው የማኅበራዊ አገልግሎት፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ ከሆነ አሠሪው። ክሱ ርዕሰ መምህሩን ራሱን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ ለእሱ አይነገርም፤ ለቦርዱ ሰብሳቢ ነው።

መምህሩስ? ይህን የሚያነብ መምህር ልቡ እየመታ እንደሆነ አውቃለሁ። በመምህርነት ብዙ ዓመት የኖርኩ ነኝ፤ አንድ የተቆጣ ተማሪ በአንድ ቃል የሰውን ሃያ ዓመት ገደል ሊከተው እንደሚችል አይጠፋኝም። አሠራሩ ይህንንም አስቦበታል። በክስ ብቻ ከሥራ ማገድ ግዴታ አይደለም፤ ሌላ መንገድ መኖሩ አስቀድሞ ይታያል፤ ቢታገድም እገዳው እንደ ጥፋተኝነት አይቆጠርም። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በተማሪው የተከሰሰ መምህር በፍርድ ቤት ክስ እስኪመሠረትበት ድረስ ስሙን ጋዜጣ ላይ ማውጣት በሕግ ተከልክሏል። ማጣራቱ ሲያልቅም ውጤቱ በስሙ ይጠራል፤ የተረጋገጠ፣ ሐሰት የሆነ፣ በተንኮል የቀረበ፣ መሠረት የሌለው ወይም በማስረጃ ማነስ ያልተረጋገጠ ይባላል። ሐሰትና ተንኮል መሆኑ የታወቀ ክስ በምስክርነት ደብዳቤ ላይ አይጻፍም።

አንድ ነገር ግን አይፈቀድም። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብሎ መሄድ። ሰውየው ቢለቅም ማጣራቱ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። «አንተ ሂድልን፣ እኛም ጥሩ ደብዳቤ እንጽፍልሃለን» የሚል ስምምነትም ክልክል ነው። ንጹሕ የሆነው መምህር ስሙ የሚጸዳው፣ ያጠፋውም ወደ ማያውቁት አገር እንዳይሄድ የሚያዘው በዚሁ አንድ መንገድ ነው። ማጣራቱን በመሐል ያቋረጠ ትምህርት ቤት ሁለቱንም በድሏል። ንጹሑ ዕድሜውን ሙሉ ሲታማ ይኖራል፤ አጥፊው ደግሞ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል። ከ2021 ወዲህ መመሪያቸው ለክስ የማይበቁ ትንንሽ ትዝብቶች ጭምር እንዲመዘገቡ ያዛል። የዚያች የባሕር ዳርቻ ከተማ ሠላሳ ትዝብቶች ትምህርት ናቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ድንበር ያለፈውስ? በ1960ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ በልጆች ላይ በፈጸመው ወንጀል የተፈረደበት ዊልያም ቬሂ የተባለ አሜሪካዊ አገሩን ለቅቆ ወጣና በቴሕራን፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በቬኔዝዌላ፣ በለንደንና በሌሎችም አገሮች ባሉ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ከአርባ ዓመት በላይ አስተማረ። ለንደን ያስተማረው ከ2009 እስከ 2013 ነው፤ ከሶሃም በኋላ፣ ያ ሁሉ ሕግ ከወጣ በኋላ ማለት ነው። እስከ 2014 ድረስ አልተነቃበትም። ከየትምህርት ቤቱ ሲወጣ የተወደደ መምህር ሆኖ ነበር። የእንግሊዝ መዝገብ የእንግሊዝን ኃጢአት ነው የሚያውቀው።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በወሎ ጃሪ በነበረው የሕፃናት መንደር፣ ድርቅና ጦርነት ወላጅ ያሳጣቸው ልጆቻችን በውጭ ግብረ ሰናይ ድርጅት ያድጉ ነበር። መንደሩን ይመራ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ በልጆቹ ላይ በፈጸመው የወሲብ ጥቃት በ2003 በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። ፈረንጅ ሆኖ፣ ሊረዳን መጥቶ፣ ማን ይጠይቀዋል? ቁርበቱን አንጥፈን ነው የተቀበልነው።

ሕግ የለንም እንዳይባል ሕግ አለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ለሕፃናት መብት የተሰጠ ነው፤ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ጭካኔ እንዳይፈጸምባቸው በግልጽ ይናገራል። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626ና 627 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃትን ይቀጣል፤ ተጎጂው የአጥፊው ተማሪ ወይም በአደራ የተሰጠው ልጅ ሲሆን ቅጣቱን ያከብዳል። አደራ መብላትን ከሌላው ወንጀል ለይቶ ማየቱ ደግ ነው። ግን የወንጀል ሕግ የሚደርሰው ልጁ ከተጎዳ በኋላ ነው። ከቅጥሩ ዕለት እስከ ጉዳቱ ዕለት ያለውን ረጅም መንገድ የሚጠብቀው ሕጉ አይደለም፤ በዚያ ትምህርት ቤት ያለው ሰው ነው።

እዚያ ላይ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል የቆየ ባላጋራ አለን። አንድ መምህር ከተማሪዎች ጋር ያለው ነገር ደስ አላለንም እንበል። መጀመሪያ እንታዘባለን። ቀጥለን በጓሮ እናማለን። ነገሩ ሲከፋ ሽማግሌ ይሰየማል፤ የልጅቷ ቤተሰብ «የልጃችሁ ስም እንዳይጠፋ» ተብሎ ይለመናል። መምህሩ የቤተሰብ ኃላፊ ነው፣ እንጀራው አይዘጋበት ይባላል። መጨረሻ ላይ ዝውውር ይገኝለታል፤ ወይም በፈቃዱ ይለቃል። ከዚያ ጸሐፊዋ ትጠራና ያቺ ሁላችንም በቃላችን የምናውቃት ደብዳቤ ትጻፋለች፤ መልካም ሥነ ምግባር እንደነበረው ትመሰክራለች፣ ላበረከተው አስተዋፅኦ ታመሰግናለች፣ በሚሄድበት ሁሉ መልካም ዕድል ትመኛለች። መልካም ዕድል! ለማን?

ሽምግልናን እያንቋሸሽኩ አይደለም። ስንት የፈረሰ ቤት ያቆመ፣ ስንት ደም ያደረቀ ትልቅ ሀብታችን ነው። ግን ሽምግልና ሁለት እኩል ተናጋሪ ይፈልጋል። የዘጠኝ ዓመት ልጅና መምህሯ እኩል ተናጋሪዎች አይደሉም። እርቁ የሚፈጸመውም በተጎዳችው ልጅና በአጥፊው መካከል ሳይሆን በአባቷና በትምህርት ቤቱ መካከል ነው፤ እሷ ስትታረቅ ማን አየ?

የፖሊስ ማስረጃ ላይ ብቻ መንጠልጠልም አያዋጣም። አሻራ ሰጥቶ የሚወጣው «ከወንጀል ነፃ» ወረቀት ይጠየቅ፤ መጠየቁ ተገቢ ነው። ወረቀቱ የሚናገረው ግን አልተፈረደበትም ብቻ ነው። የሶሃሙም ሰው ስምንቱ ጥርጣሬዎች ላይ አልተፈረደበትም፤ የባሕር ዳርቻዋ ከተማ መምህር ደግሞ ከመያዙ በፊት ነጭ ወረቀት ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከሃያ ዓመት በላይ የእንግሊዝ ሪፖርቶች ውስጥ ተጣርቶ የቀረው ነገር ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤትም አይከብድም። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረቱ በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ አጥር ግንባታው መዋጮ ከመነጋገሩ በፊት ለርዕሰ መምህሩ እነዚህን ጥያቄዎች ያቅርብ። ባለፈው ዓመት የተቀጠሩትን ሠራተኞች የቀድሞ ቦታ ማን ደውሎ ጠየቀ? «ልጆቻችሁን ዳግመኛ ታምኑበታላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ተጠይቋል ወይ? በሥራ ታሪካቸው ላይ ያለው ባዶ ዓመት ተጠይቋል ወይ? ለዘበኛውና ለሾፌሩስ ይህ ተደርጓል? አንድ ልጅ በሠራተኛ የተጎዳ እንደሆነ ለማን ይናገራል፤ ስሙን ልጆቹ ራሳቸው ያውቁታል ወይ? አንድ መምህር በባልደረባው ላይ ያልወደደውን ነገር ሲያይ የት ይጽፈዋል? ክስ የቀረበበት ሰው ሥራ ሲለቅ ማጣራቱ ያበቃል ወይስ ይቀጥላል?

ለእነዚህ መልስ ያለው ትምህርት ቤት መምህራኑን አልሰደበም። እኔ ገንዘብ ያዥ ዋስ ጥሩ ሲባል ተሰደብኩ ብሎ ሥራ የተወ አላውቅም፤ ቁልፉ የሕዝብ መሆኑን ስለሚያውቅ ዋሱን ይጠራል፣ ይፈርማል፣ ይሠራል። አብዛኛው መምህራችን ልጅ የሚወድ፣ በጠመኔ አቧራ ሳንባውን የጨረሰ ምስኪን ነው። እሱን የሚጎዳው መጠየቁ አይደለም። የሚጎዳው መልካም ደብዳቤ የያዘው ሌላው ሰው ነው፤ ነገ አንድ ነገር ሲፈጠር ሕዝቡ «መምህራን እንዲህ ናቸው» ብሎ ሁሉንም በአንድ ላይ ይጥላልና።

የቀድሞ ትምህርት ቤቱን ስልክ መምታት አምስት ደቂቃ ይወስዳል። በዚያኛው ጫፍ ያለውም ዳይሬክተር እውነቱን ለመናገር አምስት ደቂቃ በቂው ነው። የሁለቱ አገር ሰዎች ተነጋገሩ ማለት ይኸው ነው።